ሙቀቱን የማይናገር ቁጥር

«ስንት አመጣህ?» ይባላል። ድሮ ይህ ጥያቄ የፈተና ውጤት መጠየቂያ ነበር። ዛሬ በሰመራ መኝታ ክፍሎች፣ በሎግያ ሻይ ቤቶች፣ ለዕረፍት ወደ አዋሽ ሰባት ስንሄድ ሳይቀር የሚጠየቀው የኮምፒውተር ነጥብ ሆኗል። አንዱ በሲኒቤንች፣ ሌላው በስሪዲማርክ ያገኘውን ቁጥር ከስልኩ አውጥቶ ያሳያል። ብዙ ያመጣ ጎበዝ፣ ትንሽ ያመጣ ሰነፍ ይባላል። ኦቨርክሎክ ያላደረገማ ጭራሽ ሰው ተብሎም አይቆጠር!

«ይህች የሥነ ጽሑፍ ቡለቲን ናት፤ ስለ ፕሮሰሰር ምን አገባት?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ያገባታል። ያልኖረበትን ሕይወት እንደ ኖረበት አስመስሎ የሚጽፈውን ገጣሚ ዘወትር እንወቅሰዋለን። እንግዲያው ሰመራ ተቀምጦ በሌላ አገር አየር የተገኘ ቁጥር እየጠቀሰ የሚፎክረውን ለምን ብለን እንምረዋለን? ውሸት በግጥም ሲመጣ ውሸት፣ በቁጥር ሲመጣ ሳይንስ የሚሆንበት ሕግ የለም።

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። አንድ የአዋሽ ልጅ አለ፤ ስሙን አልጠራም። ሁለት ክረምት ሠርቶ ያጠራቀመውን ገንዘብ፣ አባቱም ፍየል ሸጠው የጨመሩለትን ይዞ አዲስ አበባ ወጣ። ማዘርቦርዱን፣ ራሙን፣ ግራፊክስ ካርዱን ከየሱቁ ለቃቅሞ አክስቱ ቤት ገጣጠመው። ከዚያም ከኢንተርኔት ባገኘው ምክር ፍጥነቱንም ቮልቴጁንም ጨመረ። ክፍሉ 20 ዲግሪ ነበር። ፕሮሰሰሩ በሙሉ ሥራ ላይ ሳለ 80 ዲግሪ ላይ ቆመ። ነጥቡ አማረ፤ ፎቶ አነሳው። ግንቦት ላይ ያንኑ ኮምፒውተር ይዞ ሰመራ ወረደ። ክፍላችን 41 ዲግሪ ነው። ፈተናው በተጀመረ በጥቂት ደቂቃ ፍጥነቱ ወረደ፤ ቀጥሎም ማሽኑ ድርግም አለ። «ሻጩ የተበላሸ ዕቃ ሰጠኝ!» ብሎ ጮኸ። ኧረ ዕቃውም አልተበላሸ፣ ሻጩም አላታለለው። ያልተሠራው ሒሳቡ ነው።

ሒሳቡ ደግሞ ከባድ አይደለም። በማራገቢያ የሚቀዘቅዝ ዕቃ ከሚያገኘው አየር በታች ሊቀዘቅዝ አይችልም። አዲስ አበባ ላይ ከክፍሉ አየር በ60 ዲግሪ የበለጠ ፕሮሰሰር፣ ሥራው ካልተለወጠ ሰመራም ላይ በዚያው ግድም ይበልጣል። 20 ሲደመር 60፣ 80 ነው። 41 ሲደመር 60፣ 101 ነው። ከዛሬዎቹ ፕሮሰሰሮች ብዙዎቹ ደግሞ 95 ወይም 100 ዲግሪ ላይ ሲደርሱ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን እንዲቀንሱ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። እንግዲህ ለመፍጠን ተብሎ የተጨመረው ነገር ሙቀት ሆኖ ይመለስና የነበረውንም ፍጥነት ይዞ ይሄዳል። ምንም ያልተነካካው ኮምፒውተር ይቀድመዋል ማለት ነው።

አንድ የፊዚክስ ተማሪ ጓደኛዬ በዚህ ላይ ተቃውሞ አቅርቧል፤ መደበቅ አልፈልግም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ስስ ነው፤ ሰመራ ግን 430 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ያው ማራገቢያ በአንድ ዙር ብዙ አየር ይገፋል፤ ይህ ይረዳናል አለ። እውነት ነው፤ ጥቂት ይረዳናል። ከ60ው ላይ ጥቂት ዲግሪ ቢቀነስልን ግን ወደ ገደቡ አፋፍ ነው የሚያደርሰን። ደግሞስ ይህ ተቃውሞ የሚያጠናክረው የማንን ነገር ነው? በአንድ ከተማ የተገኘ ቁጥር ወደ ሌላ ከተማ በኪስ ተይዞ እንደማይሄድ ነው የሚመሰክረው!

ሁለተኛው ሒሳብ የቮልቴጁ ነው። ፕሮሰሰር ሲሠራ የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ ያድጋል፤ ከቮልቴጁ ጋር ግን የሚያድገው ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ ነው። ፍጥነቱን በ10 በመቶ፣ ቮልቴጁንም በ10 በመቶ ብንጨምር፣ 1.1 ሦስት ጊዜ ይባዛና 1.33 ይሆናል። ለ10 በመቶ ፍጥነት 33 በመቶ ተጨማሪ ሙቀት! በዚህ ዋጋ የሚገዛ ነጋዴ ሎግያ ገበያ ውስጥ ብትፈልጉ አታገኙም።

«ታዲያ ኦቨርክሎክ ከንቱ ነው ወይ?» ለሚለኝ፣ አይደለም እላለሁ። ታሪኩን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1998 ኢንቴል ሴሌሮን 300ኤ የተባለ ርካሽ ፕሮሰሰር አወጣ። ስሙ እንደሚለው 300 ሜጋኸርዝ ነበር። ብዙ ወጣቶች ግን የማዘርቦርዱን ምት ከ66 ወደ 100 ሜጋኸርዝ በማሳደግ ብቻ 450 ላይ አሠሩት። በርካሹ ዕቃ የውዱን ሥራ ሠሩበት። ይህ የድሃ ልጅ ብልሃት ነበር፤ ገበያ በደረጃ የከፋፈለውን በእጅ ማስተካከል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ግን ያው ኩባንያ አብዛኛውን ፕሮሰሰር ቆልፎ፣ ያልተቆለፈውን «ኬ» የምትል ፊደል ለጥፎበት በጭማሪ ዋጋ ይሸጠው ጀመር። ብልሃቱ ሸቀጥ ሆነ። ትናንት ገንዘብ ላነሰው የተፈጠረ ጥበብ ዛሬ ገንዘብ የሚጠየቅበት ሆነ። እኛ ደግሞ የፍየሉን ዋጋ ይዘን በዚያች ፊደል ፊት ተሰልፈናል!

የዓለም ክብረ ወሰን የሚባለውንም እንይ። እ.ኤ.አ. በ2011 የኤኤምዲ ፕሮሰሰር 8.429 ጊጋኸርዝ ደረሰ፤ በ2022 የኢንቴሉ 9 ጊጋኸርዝን አለፈ። ሁለቱም የቀዘቀዙት በፈሳሽ ሄሊየም ነው፤ እሱም ከዜሮ በታች ወደ 269 ዲግሪ የሚጠጋ ቅዝቃዜ ነው። በነዚህ ሰዎች አልቀልድም። ቢያንስ ሐቀኞች ናቸው፤ ሄሊየሙን አልደበቁም።

እዚህ ላይ ግለሂስ ላድርግ። ባለፈው ዓመት እኔም ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥቼ፣ መስኮቱን ከፍቼ፣ የኮምፒውተሩን ጎን ፈትቼ፣ ከማራገቢያው ፊት በረዶ የሞላ ሳፋ አስቀምጬ ነጥብ ለክቻለሁ። ቁጥሩን ለጓደኞቼ ሁሉ አሳየሁ። ስለ ሳፋው ግን አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ያን ቁጥር በማግስቱ ከቀትር በኋላ ማንም ሊያገኘው አይችልም ነበር፤ እኔም ጭምር።

ቁጥር በትልልቆቹም ዘንድ ሲጣመም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 የስሪዲማርክ አዘጋጅ የሆነው ፊውቸርማርክ፣ የኤንቪዲያ ድራይቨር ፈተናው እየተካሄደ መሆኑን እየለየ ተመልካች የማያየውን የምስሉን ክፍል ሳይስል በመዝለል ነጥብ እንደሚጨምር አጋለጠ። ብዙም ሳይቆይ ሁለቱ ኩባንያዎች ተነጋገሩና «ማጭበርበር» የሚለው ቃል ቀርቶ «ማመቻቸት» ተባለ። ቃል ሲለወጥ ነገሩ የሚለወጥ ይመስል! እንግዲህ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ የሚያገባው እዚህ ላይ ካልሆነ የት ሊሆን ነው?

የሚያሳዝነው ደግሞ ይህን ሁሉ የምናደርገው አፋር ምድር ላይ ተቀምጠን መሆኑ ነው። የአፋር ሕዝብ ዳጉ አለው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ አረፍ ይሉና ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ከየት መጣህ፣ ዝናቡ እንዴት ነው፣ ሣሩስ፣ ውኃውስ፣ ሰላሙስ? በዓይን ያዩት ካዩት፣ የሰሙት ከሰሙት ጋር ተለይቶ ይነገራል። በዚያ ወሬ ላይ ተመሥርቶ ከብት ይነዳልና፣ አጣሞ የሚያወራ ሰው ይታፈራል እንጂ አይከበርም። የዝናቡን ሁኔታ ሳይናገር «ሣር አለ» ብቻ ብሎ የሚያልፍ ሰው ዳጉ አላደረገም። የክፍሉን ሙቀት ሳይናገር «ይህን ያህል አመጣሁ» የሚልም እንዲሁ ነው።

በሌላ ወገን የቆሙ ጓደኞችም አሉን። «አገሩ በድርቅ እየተፈተነ፣ ወላጅ ከብቱን እየሸጠ፣ የጌም ኮምፒውተር ቅንጦት ነው» ይላሉ። ጭንቀታቸውን አከብራለሁ፤ መደምደሚያቸውን ግን አልቀበልም። በገዛ እጁ ፓወር ሰፕላይ መርጦ፣ ፕሮሰሰር አስቀምጦ፣ ስህተቱን ፈልጎ ያገኘ ልጅ ነገ የጎረቤቱን ኮምፒውተር የሚጠግነው እሱ ነው። እዚሁ አዋሽ ሸለቆ፣ ጎና ላይ፣ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠሩ የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። ሠሪዎቹ ያገኙትን ድንጋይ ሁሉ አልቀጠቀጡም፤ ጥሩውን መርጠዋል። ሲሊከንም ከአሸዋ የሚወጣ ነገር ነው። መርጦ፣ ለክቶ መሣሪያ መሥራት ለዚህ ሸለቆ እንግዳ አይደለም። ቅንጦቱ መሥራቱ ሳይሆን ለፎቶ ሲሉ ማቃጠሉ ነው።

ማቃጠል ደግሞ በኛ አቅም አይቻልም። ለአገራችን በባሕር ከሚመጣው ዕቃ አብዛኛው ከጅቡቲ ተነሥቶ በዚሁ በደጃችን፣ በሰመራና በሚሌ በኩል ያልፋል። ኮንቴይነሩ አጠገባችን አቧራ አልብሶን ያልፍና ዕቃውን ልንገዛ መርካቶ እንከተለዋለን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዋጋው ምን እንደሆነ ለናንተ መንገር አያሻም። አውሮፓ ያለ ልጅ ቢያቃጥል በሳምንቱ ሌላ ያዝዛል። የአዋሹ ልጅ ቢያቃጥል የሚታዘዘው ሌላ ፍየል ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ወደ ላይ መጎተቱን ትተን ወደ ታች እንሂድ። ፍጥነቱን ሳንነካ ቮልቴጁን ብቻ 10 በመቶ ብንቀንስ 0.9 በ0.9 ተባዝቶ 0.81 ነው፤ በስሌቱ ሙቀቱ 19 በመቶ ይቀንሳል። ሁሉም ፕሮሰሰር ይህን ያህል አይታገስም፤ ስለዚህ በትንሽ በትንሹ እየቀነሱ መፈተን ነው። ይህም ኦቨርክሎክ የሚጠይቀውን ያህል ዕውቀትና ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ጭብጨባው ብቻ ነው የሚያንሰው።

ሁለተኛ፣ አየር። የአፋር ሴት አሪዋን በሰሌን ስትሠራ ነፋሱ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ታውቃለች። እኛ ግን ኮምፒውተሩን ከግድግዳ አጣብቀን፣ ጀርባውን በቦርሳ ዘግተን፣ አቧራውን ለወራት ሳንጠርግ «ሞቀብኝ» እንላለን።

ሦስተኛ፣ መለኪያው በዳጉ ሕግ ይሁን። ቁጥር የሚናገር ሁሉ የክፍሉን ዲግሪ፣ ወሩንና ሰዓቱን፣ ቮልቴጁን፣ ፈተናው ስንት ደቂቃ እንደቆየ አብሮ ይናገር። ፈተናው በጥቂት ደቂቃ አይለቅ፤ ግማሽ ሰዓት ይሩጥ፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይሁን። ሳፋም ካለ ሳፋው ይነገር!

የአዋሹ ልጅ ይህን ሞክሯል። ኦቨርክሎኩን አነሳ፤ ቮልቴጁን ለአራት ቀን በጥቂት በጥቂቱ ሲቀንስ ሰነበተ፤ ኮምፒውተሩን ከግድግዳው አራቀ። ያገኘው ነጥብ አክስቱ ቤት ካነሳው ፎቶ ያንሳል። ቢሆንም በ41 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሳይወርድና ሳይጠፋ ቆይቷል። ቁጥሩንና ዲግሪውን በወረቀት ጽፎ በራችን ላይ ለጥፎታል፤ ፎቶውን ከስልኩ አጥፍቶታል። አንዳንዶች አይተው ሳቁ። የሳቁት የራሳቸውን ቁጥር በዚያው ሰዓት ለክተው ከጎኑ ይለጥፉ፤ ቦታ አለ።

ከእንግዲህ «ስንት አመጣህ?» ተብላችሁ ብትጠየቁ፣ መልሱ ጥያቄ ይሁን፦ በስንት ዲግሪ?