ካዛንቺስን የሠራው ቤንዚን

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው፣ ፋሺስት ኢጣሊያ አዲስ አበባን በያዘች ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞቿ መኖሪያ ይሠራ ከነበረው ኢንቺስ ከተባለ ተቋም መሆኑን ሰፈሩን የሚያውቅ ሁሉ ይናገረዋል። እምብዛም የማይነሳው ጥያቄ ሌላ ነው። እነዚያ ሠራተኞች፣ የቤቶቹ ዕቃ፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ መንገዱን የከፈተው ጦር እዚህ የደረሱት በምን ኃይል ነው? በቤንዚን። ኢጣሊያ በዚያ ዘመን የራሷ የሚባል ነዳጅ አልነበራትም ማለት ይቻላል፤ ከሌሎች እየገዛች ነው የዘመተችብን። ስለዚህ የሸጡላት ኩባንያዎች ነበሩ፤ ሽያጩን ማስቆም እየቻሉ ዝም ያሉ መንግሥታትም ነበሩ።

ስለ ቅኝ ግዛት ዘመን የነዳጅ ኩባንያዎች ሲነሳ የብዙዎቻችን ሐሳብ ቶሎ ወደ ኦጋዴን ይሄዳል። የአሜሪካው ሲንክሌር በ1937 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ሰፊ ውል ይዞ ገባ፤ ለዓመታት ፈልጎና ቆፍሮ ለገበያ የሚበቃ ነዳጅ ሳያገኝ ወጣ። ከእሱ በኋላ ቴኔኮ ካሉብ ላይ ጋዝ አገኘ። ይህ ታሪክ መጻፉ ተገቢ ነው። ነገር ግን ሚዛኑን አዛብቶብናል ብዬ አምናለሁ። የኩባንያዎቹ ኃይል በኢትዮጵያ ዕጣ ላይ በእርግጥ የወደቀው ጉድጓድ ሲቆፍሩ ሳይሆን ሲሸጡ ነው። ከጉድጓዱ ይልቅ ሽያጩን የምንመረምርበት ጊዜ ደርሷል።

ለዚህ ክርክር ዋናው ማስረጃ በ1927 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ የተፈረመው ውል ነው። ፍራንሲስ ሪኬት የተባለ እንግሊዛዊ ደላላ አዲስ አበባ ገብቶ፣ የአገሪቱን ግማሽ በሚያህል መሬት ላይ ነዳጅና ማዕድን ለ75 ዓመት የመፈለግና የማውጣት መብት ከአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት አገኘ። ተዋዋዩ በአሜሪካዋ ደላዌር የተመዘገበ አዲስ ኩባንያ ሲሆን፣ ከጀርባው ያለው ባለሀብት ስታንዳርድ ቫኪዩም መሆኑ ብዙም ሳይቆይ ታወቀ። የንጉሠ ነገሥቱ ስሌት ግልጽ ነበር። የኢጣሊያ ጦር በኤርትራና በሶማሌ ድንበር ተከማችቷል፤ መሣሪያ መግዛት አልተቻለም፤ ስለዚህ የአሜሪካ ካፒታል በምድሪቱ ላይ ከተተከለ የአሜሪካ መንግሥት ለራሱ ሀብት ሲል ይቆምልናል የሚል ተስፋ ነው። ይህን የዋህነት ብለው የሚጽፉ አሉ። ለእኔ ግን ሌላ በር ሁሉ የተዘጋበት ሰው የሞከረው ብልህ እርምጃ ነው።

ሙከራው የቆየው ጥቂት ቀን ነው። እንግሊዝ በአዲስ አበባ ሚኒስትሯ በሰር ሲድኒ ባርተን በኩል ውሉ እንዲቀር ንጉሠ ነገሥቱን መከረች። በዋሽንግተን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኮርዴል ኸል የኩባንያው ኃላፊዎች ውሉን እንዲተዉ ግፊት አደረገ። ኃላፊዎቹ መሥሪያ ቤቱ ድረስ ቀርበው ተነጋገሩ፤ በዚያው ቀን ውሉ መሰረዙ ታወጀ። በዓለም ካሉት ታላላቅ የነዳጅ ኩባንያዎች አንዱ የገባው፣ የግማሽ አገር መሬት የያዘ ውል፣ በመንግሥት አንድ ግፊት ቀረ።

ይህን እንያዝ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር መረብን ተሻገረ። የመንግሥታቱ ማኅበር ኢጣሊያን ወራሪ ብሎ ፈረደባትና ኅዳር 8 ቀን ማዕቀብ መጣል ጀመረ። የማዕቀቡ ዝርዝር ረጅም ነው፤ ነዳጅ ግን የለበትም። ነዳጅ፣ ከሰልና ብረት እንዲጨመሩ በጥቅምት ሐሳብ ያቀረበው የካናዳው ተወካይ ዋልተር ሪድል ነበር። አንድ ወር ያህል ቆይቶ የገዛ መንግሥቱ ሐሳቡ የግለሰቡ እንጂ የካናዳ አይደለም ብሎ ካደው። ጉዳዩ በታኅሣሥ መጀመሪያ ሊታይ ቀጠሮ ተይዞለት ነበር። ከዚያ በፊት የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆርና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ላቫል ኢትዮጵያን ቆራርሶ ለሙሶሊኒ የሚያጠግብ ዕቅድ ይዘው ብቅ አሉ። ዕቅዱ ሕዝባቸውን አስቆጥቶ ሆርን ከሥልጣን ቢያወርደውም የነዳጁ ጉዳይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

አሜሪካስ? ኸል በኅዳር 1928 ዓ.ም. መጀመሪያ መግለጫ አወጣ። ለተዋጊዎቹ አገሮች ነዳጅና መኪና በብዛት መሸጥ ከአገሩ የገለልተኝነት ሕግ መንፈስ ጋር እንደማይሄድ ተናገረ። ትእዛዝ ግን አልነበረም፤ ተማጽኖ ነው። ወደ ኢጣሊያ የአፍሪካ ግዛቶች የሚሄደው የአሜሪካ ነዳጅ በዚያ ወቅት ከቀደሙት ዓመታት በብዙ እጥፍ በለጠ። እንግዲህ ሁለቱን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ውሉ ኢትዮጵያን ሊጠቅም በሚችልበት ጊዜ መንግሥት ኩባንያን በቀናት ውስጥ አዘዘ፤ ሽያጩ ኢትዮጵያን በሚገድልበት ጊዜ ግን ያው መንግሥት ለኩባንያዎቹ ሕሊና ተወው። «መንግሥታት የግል ኩባንያን ማዘዝ አይችሉም ነበር» የሚለው ሰበብ ከሪኬት ውል በኋላ ሊቆም አይችልም።

የእንግሊዝ ሰበብ ደግሞ ከዚህም ይደክማል። ዛሬ ቢፒ የምንለው፣ በዚያን ዘመን አንግሎ ኢራኒያን የተባለው ኩባንያ፣ ከ1914 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አብላጫ ድርሻው የእንግሊዝ መንግሥት ነበር። የስዊዝ ቦይም ክፍት ሆኖ ዋለ፤ ወታደርና መርዝ የጫኑ የኢጣሊያ መርከቦች ቀረጥ እየከፈሉ አለፉ።

ፍትሐዊ ለመሆን የማዕቀቡ ተቃዋሚዎች ያነሱትን መስማት ይገባል። ሁለት ነገር ይሉ ነበር። አንደኛ፣ ሙሶሊኒ ተበሳጭቶ የሜዲትራኒያንን የእንግሊዝ መርከቦች ይመታል፤ ሁለተኛ፣ የማኅበሩ አባል ያልሆነችው አሜሪካ ጉድለቱን ትሞላለች፣ እገዳውም ከንቱ ይሆናል። የመጀመሪያው ፍርሃት እውነተኛ ነበር። ሁለተኛውን ግን የማኅበሩ የራሱ ባለሙያዎች ኮሚቴ በየካቲት 1928 ዓ.ም. መልሶታል። ሁሉም ሻጮች ቢተባበሩ፣ አሜሪካም ሽያጯን ከጦርነቱ በፊት በነበረው ልክ ብትወስን፣ እገዳው ከሦስት እስከ ሦስት ወር ተኩል ውስጥ ይይዛል አለ። እገዳው በኅዳር ተጥሎ ቢሆን ያ ጊዜ የሚያበቃው ገና መጋቢት ሳይጋመስ ነው። ማይጨው የተዋጋነው መጋቢት 22 ቀን ነው።

ሙሶሊኒ ራሱ ከዚህ የተለየ ግምት አልነበረውም። በ1938 እ.ኤ.አ. ሙኒክ ላይ ለሂትለር፣ ማዕቀቡ ነዳጅን ቢጨምር ኖሮ በአንድ ሳምንት ከኢትዮጵያ ለመውጣት እገደድ ነበር እንዳለው የሂትለር አስተርጓሚ ፓውል ሽሚት በማስታወሻው ጽፏል። ሳምንት ማለቱ ግነት ሊሆን ይችላል። አቅጣጫው ግን አያጠራጥርም፤ ጦሩ የቆመው በምን ላይ እንደሆነ ያውቅ ነበር።

ከማይጨው በኋላ የሆነውን ያየ ሰው ምክንያቱ ይገባዋል። የኢጣሊያ ጦር አዛዥ ባዶሊዮ ከደሴ ሚያዝያ 18 ቀን ያንቀሳቀሰው ጦር ከ1,600 በላይ መኪና ነበረው። በጭቃው፣ በፈረሰው መንገድና በጣርማ በር አቀበት እየተጎተተ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ። ያ ሰልፍ በየቀኑ ስንት በርሜል እንደጠጣ ማሰብ ነው። ከላይ የይፕሪት መርዝ የረጩት አውሮፕላኖችም የሚበሩት በዚያው በተገዛ ነዳጅ ነበር። ማኅበሩ በዚያው ክረምት ማዕቀቡን አነሳ። ከዚያ በኋላ ነው በምሥራቁ የከተማው ወገን የኢንቺስ ቤቶች መሠረት የተጣለው።

ወራሪዋ የራሷ ኩባንያም ነበራት። አጂፕን የሙሶሊኒ መንግሥት በ1926 እ.ኤ.አ. ሲያቋቁም ዓላማው ኢጣሊያን ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ሻጮች ጥገኝነት ማውጣት ነበር። በኢራቅ ሞሱል አካባቢ ጥሩ ድርሻ ይዞም ነበር። በ1936 እ.ኤ.አ. ያን ድርሻ ለቀቀ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ የኢትዮጵያ ጦርነት ያራቆተው ግምጃ ቤት ነው። ዘይት የሌለበትን አገር ለመያዝ ሲባል ዘይት ያለበት መሬት ተሸጠ። ይህ ኢጣሊያ ነዳጅ ፍለጋ መጣችብን ለሚሉም መልስ ይመስለኛል። በወረራው ዓመታት አጂፕ እዚህ ሥራው ማከፋፈል ነበር። ከነጻነት በኋላም ተመልሶ፣ ባለ ስድስት እግር ውሻውን ማደያው ላይ ሰቅሎ፣ ከሼልና ከሞቢል ጎን ለከተማችን ቤንዚንና ናፍጣ ሸጠ። በወረራው ዘመን ስለነበረው ድርሻ ሲጠየቅ ግን አልሰማሁም።

የነዳጅን እገዳ ነገር አፍሪካ አልረሳችውም። ከካዛንቺስ አጠገብ፣ በዚያው በቂርቆስ፣ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረትበት፣ መሪዎቹ ደቡብ አፍሪካንና ፖርቱጋልን በንግድ ስለማግለል ወስነዋል። በኅዳር 1966 ዓ.ም. ደግሞ የድርጅቱ ሚኒስትሮች አዲስ አበባ ላይ አስቸኳይ ስብሰባ ተቀምጠው፣ ለደቡብ አፍሪካ፣ ለሮዴዢያና ለፖርቱጋል ነዳጅ እንዳይሸጥ ጠየቁ። የዓረብ መሪዎችም በዚያው ሰሞን አልጀርስ ላይ እሺ አሉ። በ1928 ዓ.ም. የመንግሥታቱ ማኅበር ጄኔቫ ላይ የነፈገንን ነገር፣ ከ38 ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ለሌሎች ጠየቀች።

ኩባንያዎቹ ግን አልተለወጡም። የተባበሩት መንግሥታት ሮዴዢያ ላይ የነዳጅ እገዳ ሲጠይቅ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቤይራ ወደብ ላይ ዘብ ቆመ። ነዳጁ በሌላው የሞዛምቢክ ወደብ፣ በሎሬንሶ ማርኬስ በኩል አለፈ። በ1978 እ.ኤ.አ. የወጣው የቢንግሃም ሪፖርት የሼልና የቢፒ ቅርንጫፎች በዚህ ሥራ እንደነበሩበት አጋለጠ። ቢፒ ያው የቀድሞው አንግሎ ኢራኒያን ነው።

በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ብዙ ቤቶች ለኮሪደር ልማቱ ፈርሰዋል፤ ነዋሪውም ተበትኗል። ከእንግዲህ የዚህን ታሪክ ዱካ በሰፈሩ ግድግዳ ላይ አናገኘውም። ሰነዱ ግን አለ። የቢፒ መዝገብ ቤት በእንግሊዝ ዋሪክ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የአጂፕ ወራሽ የሆነው ኤኒም የራሱ ታሪካዊ መዝገብ ቤት አለው። የጥያቄዎቹ ዓይነት ይታወቃል፤ በ1928 ዓ.ም. ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ለምጽዋና ለሞቃዲሾ የተጫነው ነዳጅ የማን ነበር፣ በየትኛው መርከብ፣ በስንት ዋጋ፣ በማን ፊርማ? የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ክፍል ተማሪዎች ለዚህ የሚላኩበት ገንዘብ መገኘት አለበት፤ የሽያጭ ደረሰኞቹ ዝርዝር በአማርኛ መታተም አለበት።