ልጆቹ ይግቡ፤ ስድቡ ይውጣ



ባለፈው ስብሰባችን ላይ አንድ ሐሳብ መቅረቡ ይታወሳል። በማኅበራችን አዳራሽ ኳስ ወይም ሩጫ በቴሌቪዥን በሚታይበት ጊዜ ትናንሽ ልጆች እንዳይገቡ ይከልከል የሚል ነው። ይጮኻሉ፣ በሰው እግር ሥር ይመላለሳሉ፣ ጨዋታ አያሳዩም ተብሏል። ውሳኔው ለሚመጣው ስብሰባ ስለተላለፈ እኛም ሐሳባችንን በዚህ ሰሌዳ ለመግለጽ ወደድን።

ልጆች መጮኻቸው እውነት ነው። እኛስ ዝም ብለን ነው እንዴ የምናየው? ዳኛው ሲሳሳት እናቱን የምንሰድበው እኛ ነን። በአርሴናልና በማንቸስተር ምክንያት ከጎረቤት ጋር የምንኮራረፈውም እኛው ነን።

ከሁሉ የባሰው በቅርቡ የሆነው ነው። ጨዋታው አልቆ ሰው ሲወጣ፣ አንድ የስድስት ዓመት ልጅ የአባቱን እጅ ይዞ «አባዬ፣ ዛሬም ተበላን እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ማን አሸነፈ አላለም፤ ማን ጎል አገባም አላለም። ሰው ሳቀ። አባትየው ግን አልሳቀም፤ እኛም አልሳቅንም። ልጁ ኳስ ማለት የውርርድ ወረቀት ተቆርጦ ብር የሚበላበት ነገር መስሎታል። ይህን ያስተማረው ቴሌቪዥኑ አይደለም፤ አጠገቡ የተቀመጥነው ነን። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ይባል የለ?

ስለሆነም ልጆቹን ብናስወጣ ጥፋታችንን ከዓይናቸው ደበቅነው እንጂ አላረምነውም። ደግሞም ከዚህ የተባረረ ልጅ ቤቱ አይገባም፤ ጫትና ሲጋራ ወዳለበት ዲኤስቲቪ ቤት ሄዶ በመስኮት ያያል።

አብረን ብናያቸው ግን ስንት ነገር ይማራሉ! መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ ለመስቀል ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በሲድኒ ኦሊምፒክ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ10 ሺህ ሜትር የቀደመው በሰከንድ 9 መቶኛ ብቻ ነበር። አሰፋ መዝገቡም ሦስተኛ ወጣ። በቴሌቪዥን ያየም በራዲዮ የሰማም አይረሳውም። 10 ሺህ ሜትር በሜዳ ላይ 25 ዙር ነው። ልጁን አጠገብ አስቀምጦ «ስንት ዙር ሮጡ? ስንት ቀረ?» እያሉ ማስቆጠር እኮ ሒሳብ ማስተማር ነው። የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል አብሮ ብድግ ይላል፤ ይበል!

ልጆች ስንልም ወንዶቹን ብቻ አይደለም። ሴቶቹ ውኃ ሲቀዱ ወንዶቹ ብቻ ለምን ያያሉ? ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ስታገኝ፣ የቀደመቻትን ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ማየርን ጠብቃ አቀፈቻት፤ እጅ ለእጅ ተያይዘውም ሜዳውን ዞሩ። ደቡብ አፍሪካ በዘር መድልዎ ምክንያት ለብዙ ዘመን ከኦሊምፒክ ተገልላ ገና መመለሷ ነበር። ተሸናፊን ማክበር ለልጅ የሚነገረው በዚህ ዓይነት ነው። ታምራት ቶላም ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በፓሪስ ማራቶንን ያሸነፈው በተጠባባቂነት ተይዞ ቆይቶ፣ በተጎዳው በሲሳይ ለማ ምትክ ገብቶ ነው። ተራህ እስኪደርስ ተዘጋጅተህ ጠብቅ ለማለት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አናገኝም።

ስለዚህ የሚከተለውን ለስብሰባው እናቀርባለን፦

1ኛ/ ትናንሽ ልጆች ከወላጅ ወይም ከታላቅ ጋር ይግቡ፤ የፊተኛው አግዳሚ ወንበር ለነሱ ይለቀቅ።

2ኛ/ በአዳራሹ ውስጥ ስድብ፣ ሲጋራ፣ ጫትና የውርርድ ወሬ ይከልከል። ተመክሮ የደገመ፣ ልጁ ሳይሆን እሱ ይውጣ።

3ኛ/ የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ አብዛኛው ጨዋታ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ስለሚጀምር ለልጆች አይሆንም። ጠዋት ትምህርት አለባቸው፤ ይተኙ።

ይህ ከባድ ነው የሚል አይጠፋም። እኛም ብንሆን አፋችን ያመለጠን ቀን አለ፤ አንክድም። ሆኖም ሁለት ሰዓት ራሳችንን መግዛት ካቃተን፣ ልጆቻችንን «ጨዋ ሁኑ» የምንለው በምን አፋችን ነው?

በስብሰባው ተገኝታችሁ ሐሳባችሁን እንድትሰጡ በአክብሮት እናሳስባለን።

የማኅበሩ ጸሐፊ
አገና