ደመወዝ የሌለው እንደራሴ

ከመገናኛ ተነሥቶ በላምበረት በኩል ወደ ኮተቤ የሚወጣ፣ ወይም ቀበናን ተሻግሮ በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ወደ እንጦጦ ግርጌ የሚዘልቅ መንገደኛ በግራና በቀኝ ከሚያያቸው የጠጉር ማስዋቢያ ቤቶች፣ ላውንደሪዎች፣ ላቫጆዎችና ካፌዎች መካከል ጥቂት የማይባሉት ባለቤታቸው በዋሽንግተን፣ በጅዳ ወይም በቤይሩት የሚኖር፣ የዕለቱን ሥራ የሚያካሂደው ግን እኅት፣ ወንድም ወይም የአክስት ልጅ መሆኑን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ መገናኛ አካባቢ አንድ አደባባይ ዲያስፖራ ተብሎ መጠራቱም ለዚሁ ምስክር የቆመ ይመስላል።

ሕጉ በሩን ከከፈተ ቆይቷል። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 የውጭ ዜግነት የያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ ሕዝቡ ቢጫ ካርድ የሚለውን መታወቂያ ይዞ፣ ያለ ቪዛ እንዲገባ፣ ያለ ሥራ ፈቃድ እንዲሠራ፣ በኢንቨስትመንትም እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት እንዲቈጠር ፈቅዷል፤ በዓረብ አገር በሰው ቤት የምትደክመው እኅታችን ደግሞ ፓስፖርቷ የኢትዮጵያ ስለሆነ ይህም አያስፈልጋትም። በ2013 ዓ.ም. የተሻሻለው የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም አስችሏል። በእኔ አስተያየት የጐደለው ሌላ ነው፤ ይኸውም ሱቁን ለሚጠብቀው እንደራሴ ከመነሻው ደመወዝ የመወሰን ልማድ ነው።

የባለቤቲቱ ውክልና በቆንስላ ተፈርሞ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ፣ በሰነዶች ማረጋገጫ ተመዝግቦ አገር ቤት ባለችው እኅት እጅ ሲገባ፣ ቤት እንድትከራይ፣ ንግድ ፈቃድ እንድታድስ፣ ግብር እንድትከፍል፣ ሠራተኛ እንድትቀጥርና እንድታሰናብት ሥልጣን ይሰጣታል፤ እርሷ ራሷ ምን በልታ እንደምታድር ግን አንድ ቃል አይናገርም። ባለቤቲቱም በስልክ «የሚያስፈልግሽን ውሰጂ፣ የእኛው አይደል» ትላለች። ይህ በቅን ልቡና የተነገረ ቃል የብዙ ክርክር ዘር ነው፤ ምክንያቱም ለሚያስፈልግ ነገር ስፍር የለውም። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ያስፈልጋል፣ የእናት መድኃኒትም ያስፈልጋል፤ ወሳጇም የወሰደችውን በመዝገብ ማስፈር ጥፋትን እንደ መናዘዝ ስለሚመስላት ሳትጽፍ ትቀራለች። ከዓመታት በኋላ ባለቤቲቱ ለፋሲካ መጥታ «ገንዘቡ የት ደረሰ?» ስትል፣ አንዲቱ የወጣትነት ዘመኗን ለሱቁ ገብራ ሌባ ትባላለች፤ ሌላይቱ በባዕድ አገር የሰው ዕቃ ስታጥብ ያጠራቀመችው ንዋይ ተበተነ ብላ ታለቅሳለች። ሁለቱም እውነት አላቸው።

ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ተወካይ ለወካዩ ሒሳብ እንዲያቀርብ ያስገድዳል፤ ደመወዝን ግን በውሉ ካልተነገረ፣ ሥራው ሙያው ካልሆነ ወይም ልማድ ካልፈቀደለት በቀር፣ እንዲጠይቅ አይፈቅድለትም። እንግዲህ ስለ ደመወዝ ዝም ያለ ውክልና ለሁለቱ እኩል ዝም አላለም።

ደግሞም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ100 ብር በላይ ሆነ። ትርፏን በዶላር የምታስበው ባለቤት ገቢው በግማሽ ያህል እንደ ጐደለ ታያለች፤ በኮተቤ የተቀመጠችው ግን በብር የወትሮውን ያህል ሠርታ ሳሙናና መለዋወጫ በተወደደ ዋጋ ገዝታለች። በመካከላቸው በየወሩ የሚነበብ መዝገብ ከሌለ፣ የምንዛሪው ለውጥ በእኅት ስም ይጻፋል።

«ከሥጋ ዘመድ ጋር መተሳሰብ ነውር ነው» የሚለኝ አለ። ይህን የሚል ሰው ግን ዕቁቡ ሲደርሰው ዋስ ጠርቶ ይፈርማል፤ ሰብሳቢው የገዛ አማቹ ቢሆንም። ዕድሩም ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፣ የቀረውን አባል ይቀጣል፣ የተቀጣውም ከፍሎ ከወንድሞቹ ጋር ይቀመጣል። ቤተ ክርስቲያናችንም በዐቢይ ጾም በስድስተኛው እሑድ ገብር ኄርን ስታስብ፣ በየካ ሚካኤልም ሆነ በእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት የሚሰበከው ወደ ሩቅ አገር ስለ ሄደ ጌታና መክሊቱን ስላስረከባቸው አገልጋዮቹ ነው። ሰባክያን በሰነፉ አገልጋይ ላይ ይበረታሉ፤ እኔን የሚገርመኝ ግን ጌታው ለእያንዳንዱ እንደ ዐቅሙ ማካፈሉ፣ ሲመለስም ከሁሉ አስቀድሞ ሒሳብ መተሳሰቡ ነው። መክሊቱን የቀበረውም ያቀረበው ምክንያት ፍርሃት ነበር፤ የእኛም እንደራሴዎች ብዙ ጊዜ የሚያሰንፋቸው ይኸው ነው።

ስለዚህ ደመወዙ ባዕድ ሥራ አስኪያጅ በሚቀጠርበት መጠን ይወሰን፤ ከትርፉም ድርሻ ይታከልበት። የእናት መድኃኒትና የበዓል በግ ከባለቤቲቱ ኪስ ይላክ እንጂ ከሱቁ መሳቢያ አይውጣ። ቴሌብርና ባንክ የክፍያውን ዱካ ስለሚያስቀሩ ወርኃዊው ሒሳብ እንደ ዱሮው አድካሚ አይደለም። ቆንስላዎቻችንም ለንግድ የሚሰጠውን ውክልና ሲያዋውሉ በቅጹ ላይ ሁለት መስመር ይጨምሩ፤ በአንዱ የተወካዩ ወርኃዊ ደመወዝ፣ በሌላው ሒሳብ የሚቀርብበት ቀን ይጻፍ፤ ባዶ አድርጎ ሊፈርም የሚሻ ቢመጣም ጸሐፊው ምክንያቱን ይጠይቀው።