ውስጥ እግር ሲበርደው

በታኅሣሥ ውርጭ ማኅሌት የቆመ ሰው ያውቀዋል። ጫማ ከደጅ ይቀራል፤ ምንጣፍ ያልደረሰበት ወለል ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ጥቂት ቆይቶ እግር የራስ አልመስል ይላል። ሲነጋ አረጋውያኑ ከደጀ ሰላሙ ደረጃ ሲወርዱ ይንገዳገዳሉ። "እርጅና ነው" ይባላል፣ ጉልበትም ይወቀሳል። ለእኔ ግን ጉልበት በሌለበት ጥፋት የሚከሰስበት ጊዜ የበዛ ይመስለኛል። ከእሱ በፊት ውስጥ እግር ይጠየቅ።

ሰው ቀጥ ብሎ የቆመ ቢመስልም ሰውነቱ ከመወዛወዝ አያርፍም፤ በጥቂቱ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን ይላል። ውስጥ እግራችን ቆዳ ላይ ጫናን፣ መወጠርንና ንዝረትን የሚለዩ አራት ዓይነት ተቀባዮች አሉ። ክብደታችን ወደ ጣቶቻችን ሲያዘነብል ወሬውን ያደርሳሉ፤ የባታችን ጡንቻ ጠበቅ ብሎ ይመልሰናል። እኛ አናውቀውም። ብርድ ሲመጣ የደም ሥር ይጠባል፣ ነርቭ መልእክት የሚያደርስበት ፍጥነትም ይቀንሳል፤ አንድ ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር በሴኮንድ ወደ 2 ሜትር ገደማ። ስስ ንክኪና ንዝረት የሚለየው ስሜት ይዝላል።

በካናዳ የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ነርስና ኒግ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጥናት፣ የሰዎችን ውስጥ እግር ከፊሉን በበረዶ አደንዝዘው አስኬዷቸው። የእርምጃቸው ጫና ከደነዘዘው ቦታ ሸሽቶ ስሜቱ ወዳልተነካው ዞረ። የበረደው ሰው አረማመድ የሚለወጠው እንግዲህ ስለሰነፈ አይደለም።

ጤነኛ ወጣት ይህን ይችለዋል። ዓይኑ፣ የውስጥ ጆሮውና መገጣጠሚያዎቹ የጎደለውን ይሞሉለታል። በ19ኛው መቶ ዘመን የበርሊኑ ሐኪም ሞሪትዝ ሮምበርግ የአከርካሪ ነርቫቸው የተጎዳ ሕሙማን ዓይናቸውን ገልጠው መቆም ሲችሉ፣ ሲጨፍኑ ግን ሲወላገዱ አስተውሎ ነበር፤ ሐኪሞች ዛሬም በስሙ በሚጠራው ፍተሻ ይጠቀማሉ። አሁን ሌሊቱን አስቡት፦ ብርሃኑ የጧፍ ነው፣ የአባባ ዓይን ሞራ ጀምሮታል፣ ወለሉ በረዶ ነው። ምስክሮቹ ሁሉ አንድ ላይ ዝም አሉ።

መቋሚያን የማደንቀው ለዚህ ነው። ክብደት መሸከሙን ሁሉም ያየዋል። ጄካና ላክነር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ግን እ.ኤ.አ. በ1994 ሌላ ነገር አሳዩ፤ ሰው በጣቱ ጫፍ የማይነቃነቅ ነገር ለስለስ አድርጎ ሲነካ፣ ንክኪው ሰውነትን ደግፎ ለማቆም የማይበቃ ቢሆን እንኳ፣ መወዛወዙ ይቀንሳል። እግር ያጣውን ወሬ እጅ ያቀብላል ማለት ነው። አባቶቻችን መቋሚያን የያዙት ይህን አስበው ባይሆንም፣ ለአዛውንት ምርኩዝ መያዝን እንደ ውርደት የሚቆጥሩ ልጆች ቢያስቡበት ደግ ነው።

የሰበካ ጉባኤዎቻችን ለድምፅ ማጉያ የሚያወጡትን ያህል ለደረጃ መደገፊያ ብረትና ለበር ላይ አግዳሚ ወንበር ቢያወጡ (ኧረ ግማሹንም!) ደስ ይለኛል። አሮጊቷ ቁጭ ብላ እግሯን አሻሽታ፣ ጫማዋን አጥልቃ፣ ሙቀቱ ሲመለስላት ትውረድ። ወፍራም ካልሲ መልካም ነው፤ ሴራሚክ ላይ የሚያንሸራትተው ግን ከብርዱ ይብሳል።

ስኳር ሕመም ላለባቸው ነገሩ ይለያል። የእነሱ ነርቭ ከተጎዳ መደንዘዙ ከፀሐይ ጋር አይሄድም፤ ቆዳው ሞቆም "እግሬን በረደኝ" ሊሉ ይችላሉ። ከዚያ ቤተሰብ በፍቅር ይሯሯጣል፦ በሳፋ ሙቅ ውሃ፣ ከእግር ሥር የከሰል ምድጃ። የደነዘዘ እግር መቃጠሉን አይናገርም፤ ቁስሉ የሚታየው በማግስቱ ነው። ውሃው ለብ ማለቱን ጤነኛ ሰው በክርኑ ይፈትነው፣ ምድጃውም ይራቅ። ማታ ማታ ደግሞ ሁለቱን እግሮች በእጅ ዳበስ ማድረግ ነው። አንደኛው እግር ላይ አንድ ቦታ ከሌላኛው ተመሳሳይ ቦታ ይልቅ የሚሞቅ ከሆነ፣ ቆዳው ሳይከፈት ሐኪም ይየው፤ ስሜት ያጣ እግር ከቁስል በፊት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምልክት ይህ ሙቀት ነው።