አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

እ.ኤ.አ. ማርች 3 ቀን 2022 አሜሪካ፣ ካናዳ፣ ኖርዌይ፣ ስዊድን፣ ፊንላንድ፣ ዴንማርክና አይስላንድ ባወጡት የጋራ መግለጫ ከአርክቲክ ካውንስል ስብሰባዎች ራሳቸውን አገለሉ። ምክንያታቸው ስምንተኛዋ አባል ሩሲያ፣ ያውም ካውንስሉን በሊቀመንበርነት በምትመራበት ጊዜ፣ ዩክሬንን መውረሯ ነበር። ወረራው ወንጀል ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ክርክሬ ከቅጣቱ ጋር ነው። ለመሆኑ ከተቀጡት መካከል ቴርሞሜትር ምን አጥፍቶ ተገኘ?

የተቋረጠው የሚኒስትሮች መጨባበጥ ብቻ አልነበረምና። የጀርመን ተመራማሪዎች ከ1998 ጀምሮ ከሩሲያ ባልደረቦቻቸው ጋር በሳይቤሪያ፣ የሌና ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት በሳሞይሎቭ ደሴት ላይ የአፈሩን ሙቀት ይለኩ ነበር፤ ያ የጋራ ሥራ ቆመ። የአውሮፓ ኅብረትም ከሩሲያ የመንግሥት ተቋማት ጋር የነበረውን የምርምር ትብብር አገደ። በአንጻሩ ከዚያው ከአርክቲክ፣ ከያማል የሚወጣውን ጋዝ የጫኑ መርከቦች በ2023ም በ2024ም ወደ አውሮፓ ወደቦች መመላለሳቸውን አላቋረጡም። ለነዳጁ በሩ ክፍት፣ ለዕውቀቱ ዝግ! አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው።

ዳውላው ደግሞ ቀላል አይደለም። የአርክቲክ ውቅያኖስ ዳርቻ ግማሽ ያህሉ የሩሲያ ነው። አካባቢው ከ1979 ወዲህ ከዓለም አማካይ አራት እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ሞቋል። ዓመቱን ሙሉ በረዶ ሆኖ የሚኖረው የሰሜን አፈር በከባቢ አየር ውስጥ ካለው ካርቦን እጥፍ የሚጠጋ ካርቦን አምቆ ይዟል። አፈሩ በቀለጠ ቁጥር ይህ ካርቦን ወደ ሰማይ ይወጣል፤ የሚሞቀውም የሩሲያ ሰማይ ብቻ አይደለም። በ2024 ኔቸር ክላይሜት ቼንጅ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት የሩሲያ ጣቢያዎች መረጃ ሲጎድል የመላው አርክቲክ ሥዕል እንደሚዛባ አሳይቷል። የበሽተኛውን ግማሽ አካል ሳይመረምር መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም ምን ይባላል?

«ከወራሪ ጋር ምን ትብብር አለ?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ መልሱም እንደዚሁ። በኖቬምበር 1956 የሶቪየት ታንኮች ቡዳፔስት ገብተው የሃንጋሪን አመጽ ደመሰሱ። ከስምንት ወር በኋላ፣ በጁላይ 1957፣ ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲጀመር ሶቪየቶችን ያባረረ አልነበረም። በዚያ ዘመን አንድ አሜሪካዊ የአየር ጠባይ ባለሙያ አንታርክቲካ ውስጥ በሶቪየቶች ጣቢያ በሚርኒ ሲከርም፣ አንድ የሶቪየት ባልደረባው በአሜሪካኖቹ ጣቢያ በሊትል አሜሪካ ከረመ። ከዚያ ወዳጅነት ባይሆን እንኳ መተዋወቅ ተወለደ፤ ዲሴምበር 1 ቀን 1959 አሥራ ሁለት መንግሥታት ዋሽንግተን ላይ የአንታርክቲካን ውል ፈረሙ። ውሉ የጦር ሠፈርና የኑክሊየር ፍንዳታ ከለከለ፤ አንዱ የሌላውን ጣቢያ ገብቶ እንዲመረምር ፈቀደ፤ የሰባት አገሮችን የመሬት ይገባኛል ጥያቄም ባለበት አቆመው። እንግሊዝና አርጀንቲና በፎክላንድ በተዋጉበት በ1982 እንኳ መልእክተኞቻቸው በአንታርክቲካ ጉዳይ በአንድ ጉባኤ ተቀምጠዋል።

ይህን ስል «ሳይንስ ከፖለቲካ በላይ ነው» የሚለውን ስብከት መድገሜ አይደለም። በዋልታዎች ሳይንስ ራሱ ፖለቲካ ነው። በአንታርክቲካ ጉዳይ የመወሰን ድምፅ የሚያገኝ በዚያ በቂ ምርምር ማካሄዱን ያሳየ አገር ነው። ሩሲያም ጻድቅ አይደለችም፤ በደቡብ ውቅያኖስ አዳዲስ የባሕር ጥብቅ ሥፍራዎች እንዳይከለሉ ከቻይና ጋር ሆና ስታግድ ኖራለች። ነገር ግን እምቢታዋ የሚሰማውና መልስ የሚሰጠው ጉባኤው ስላለ ነው። በቮስቶክ ጣቢያ ሶቪየቶች የቆፈሩትን በረዶ ፈረንሳዮች መረመሩ፣ አሜሪካኖች በአውሮፕላን አጓጓዙ፤ ከ420,000 ዓመት ወዲህ ያለውን የምድር አየር ታሪክ የያዘው ጥናት በ1999 ታተመ። ከሦስቱ አንዱ ቢያኮርፍ ኖሮ ይህን ባላወቅን።

ነገሩ የነጮች ጠብ ነው ብሎ ለሚያልፍ ወገኔም አንድ ቃል አለኝ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያ የተመሠረተው ለዚያው ዓመት ሥራ ነበር፤ ከተማዋ ለምድር መግነጢስ ወገብ ቅርብ ናትና። በዚያ ዓመት ሥርዓት ከየአገሩ የሚሰበሰበው መረጃ ማዕከል የተዘጋጀለት በአሜሪካም በሶቪየት ኅብረትም ነበር። ቁልፉ በአንድ እጅ እንዳይገባ ነው። የዛሬዎቹ መሪዎች ያን ያህል ብልሃት አጡ?

በ2024 የአርክቲክ ካውንስል የሥራ ቡድኖች በኢንተርኔት መሰብሰብ ጀምረዋል። ጥሩ ነው፤ ግን አይበቃም። በኢንተርኔት ስብሰባ አፈር አይቆፈርም። ግብዣው፣ ባንዲራው፣ የሚኒስትሮች ፎቶግራፍ ይቅር፤ ወራሪው በጋዙና በገንዘቡ ይቀጣ። የመለኪያ ጣቢያውና የመረጃው መንገድ ግን ለሁለቱም ወገን ይከፈት። ዲፕሎማቶች ቢኮራረፉ አንድ ቀን ዕርቅ ይወርዳል፤ ሳይለካ ያለፈ ክረምት ግን ተመልሶ አይለካም።