«ሞኝ ስለሆነች ነው የተበላችው» ማለት ይብቃን!

«ፒንዎን ለማንም አይስጡ» የሚል መልእክት በሳምንት ስንቴ ይደርሳችኋል? እኔ መቁጠር ትቻለሁ። ምክሩ ልክ ነው፤ አልቃወምም። ግን መምከርና መጠበቅ አንድ አይደለም። ረዘም ያለ ጽሑፍ ስለሆነ ጊዜ ስታገኙ አንብቡት። የድሮ ተማሪዎቼ ደግሞ እስከ መጨረሻው ታገሱኝ፣ እናንተን የሚመለከት ነገር አለ።

ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ነው። በ2015 አዲስ አበባ ላይ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ ይሁን ተባለ። ዛሬ ጉሊት ላይ ሽንኩርት የምትሸጠዋ እናት እንኳን «በስልክ ልላክልሽ?» ስትባል እምቢ ማለት አትችልም፤ እምቢ ካለች ገዢው ወደ ጎረቤቷ ይሄዳል። በጥሬ ገንዘብ ከመንከራተት በእርግጥ ይሻላል። ግን ነጋዴዋን ወደዚህ ገበያ የጎተታት ሁሉ፣ ስትዘረፍ የት ነው ያለው?

እኔ የሒሳብ መምህር እንጂ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም። ስለዚህ በሒሳብ እንነጋገር። ባለሱቋ ከአንድ ሊትር ዘይት 20 ብር ታተርፋለች እንበል። አንዱ በሐሰተኛ የክፍያ ማረጋገጫ የ6,000 ብር ዕቃ ይዞባት ቢሄድ፣ ያንን ለመመለስ 300 ሊትር መሸጥ አለባት። በቀን 15 ሊትር ብትሸጥ 20 ቀን በነፃ ቆመች ማለት ነው። ለትልቅ ድርጅት 6,000 ብር ምንም ላይሆን ይችላል። ለእሷ ግን የቤት ኪራይ ነው፣ የልጅ ደብተር ነው።

ዘዴዎቹን ታውቋቸዋላችሁ። አንዱ ስልኩን አዙሮ «ይኸው ገብቷል» ይላል፤ ያሳየው ግን የተቀነባበረ ፎቶ ነው። ሌላው «ከድርጅቱ ነው የምደውለው፣ ሽልማት ደርሶሃል፣ የገባልህን ቁጥር ንገረኝ» ይላል። ሌላው ደግሞ ከምታውቁት ሰው ቴሌግራም «ለልጄ ድምፅ ስጡልኝ» የሚል ሊንክ ይልካል፤ ስልክ ቁጥርና ኮድ ስታስገቡ አካውንታችሁ የሱ ይሆናል። በቴሌግራም ጫማና ልብስ የምትሸጥ ልጅ ቻናሏ ከተወሰደ ሱቋ ከነደንበኛዋ ተወሰደ ማለት ነው። ሌባው በስሟ ቅድሚያ ክፍያ ይሰበስባል፣ ሰዉ ግን የሚረግመው እሷን ነው።

«ኮዱን ራሷ አይደለች የሰጠችው?» የሚል አይጠፋም። እሺ፣ ሰጠች። ግን ሥራው ማጭበርበር የሆነ ሰው ጠዋት ተነስቶ እስከ ማታ የሚለማመደው ይህንኑ ነው። እሷ ደግሞ በአንድ እጇ ስኳር እየመዘነች፣ በሌላው መልስ እየሰጠች፣ ሦስት ደንበኛ እየጮኸባት ነው ስልክ የምታነሳው። አንድ ሰው አንዴ ሲሳሳት ጥፋቱ የሱ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው በአንድ ዓይነት መንገድ ሲበላ ግን የተበላሸው መንገዱ ነው። ክፍል ውስጥ ከ50 ተማሪ 40ው አንድ ጥያቄ ቢሳሳት «ተማሪው ሰነፍ ነው» ብዬ አላልፍም፤ ማስተማሬን ነው የማየው።

ታዲያ ምን ይደረግ? የሚቻል ነገር ነው የምጠይቀው። ሕንድ ውስጥ የሰፈር ሱቆች ክፍያ ሲገባ በድምፅ የሚናገር ትንሽ መሣሪያ ባንኮኒያቸው ላይ ያስቀምጣሉ፤ ሐሰተኛ ፎቶ ያን መሣሪያ አያናግረውም። እኛስ ለምን በርካሽ አናገኝም? አካውንት በአዲስ ስልክ ሲከፈት ትልቅ ብር ማስተላለፍ ለጥቂት ሰዓት ይታገድ። የተጭበረበረ ሰው በ10 ደቂቃ ውስጥ ሲደውል ሰው ያንሳለት፣ ብሩም እስኪጣራ ይያዝ። ሕግ የለም እንዳትሉኝ፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ወጥቶ ስንት ዓመቱ! የጎደለው ባለሱቋ አቤት ስትል «ትንሽ ብር ነው» ሳይል መዝገብ የሚከፍትላት ሰው ነው።

እስከዚያ ድረስ እጅ አጣጥፈን አንቀመጥም። ነጋዴ ወገኖቼ፣ የገዢውን ስልክ አትመኑ፤ የራሳችሁን ሒሳብ ከፍታችሁ ብሩ መጨመሩን እዩ። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው፤ ከግል ቁጥር ከመጣ ውሸት ነው። ቴሌግራም ላይ ተጨማሪ የይለፍ ቃል አስገቡ፤ ኮዱ ቢያመልጣችሁ እንኳን ሌባው በሩ ላይ ይቀራል። በቻት የተላከ አፕ አትጫኑ። ሒሳባችሁን በኮምፒውተር የምትይዙ ደግሞ በየሳምንቱ ፍላሽ ላይ ገልብጡና ፍላሹን ነቅላችሁ አስቀምጡ። ዊንዶውሱንም አድሱት። በግንቦት 2009 ዓለምን ያመሰው ዋናክራይ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ ሲጠይቅ፣ ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን መድፈኛ ካወጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። ብዙዎቹ የተጎዱት ያላደሱት ናቸው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፣ ልጆቼ። ስልክ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ከመካከላችሁ ሐሰተኛ ደረሰኝ የሚሠራ አፕ «ለቀልድ» የሚቀባበል ካለ፣ ቀልድ አይደለም፤ ከእናቱ ዕድሜ እኩያ ሴት መሶብ ላይ እንጀራ ማንሳት ነው። የቀራችሁት፣ ብዙዎቻችሁ ማለቴ ነው፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ስጡኝ። እያንዳንዳችሁ በሰፈራችሁ ሁለት ሱቅ ግቡ፣ ከላይ የጻፍኩትን በስልካቸው ላይ አስተካክሉላቸው፣ ሻይ ቢጋብዟችሁ ጠጡ። ፒናቸውን ግን አትጠይቁ፤ ሲያስገቡም ፊታችሁን አዙሩ። መታመን የሚጀምረው እዚያ ጋር ነው።

የሄዳችሁበትን ሱቅ ብዛት ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ እኔ እደምራለሁ።