አሥር ቦታ የተቆረጠ ገመድ ጥጃ አያስርም



አሶሳ የባቡር ሐዲድ ገብቶባት አያውቅም። ታዲያ የሰፈር ማኅበር ስለ ባቡር መንገድ ምን አገባው? የሚል ይኖራል። በሁለት ነገር ያገባናል። አንደኛ፤ ሐዲዱ የአገር ሀብት ነው፤ የአገር ሀብት ደግሞ የኛም ነው። ሁለተኛ፤ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ከሰፈራችን ግርጌ ስላለው ረጅም ክፍት መሬት እንነጋገራለን። ከመወሰን በፊት የሌላውን አይቶ መማር ይበጃል።

ዳግማዊ ምኒልክ ለባቡሩ ሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ተጀምሮ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1909 አዲስ አበባ ገባ። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በዚሁ ባቡር ምክንያት ነው። በመስከረም 2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ መስመር ሲመረቅ፤ የአዲስ አበባው የመንገደኛ ጣቢያ ከከተማው ዳር ለቡ ላይ ሆነ። አሮጌው መስመር ግን ከከተማው መካከል ከለገሃር ተነሥቶ በአቃቂ በኩል ነበር የሚወጣው።

ባቡሩ ሲቀር መሬቱ ቀረ። ጠባብ ነው፤ ረጅም ነው፤ የሕዝብ ነው። ምን ይደረግበት? በኅዳር 2011 ዓ.ም. በለገሃር ጣቢያ አካባቢ ኢግል ሂልስ ከሚባለው የአቡዳቢ ኩባንያ ጋር የመኖሪያ፣ የሆቴልና የንግድ ሕንፃዎች ፕሮጀክት ይፋ ሆነ። ቤት መሥራት ክፉ ነው አንልም። ነገር ግን የባቡር መንገድ መሬት እንደ ሌላው መሬት አይደለም። ዋጋው ያለው በመቀጠሉ ነው። አንዱ እዚህ ጋ መጋዘን፣ ሌላው እዚያ ጋ አጥር ካደረገ፤ የቀረው ቁርጥራጭ ለባቡርም ለእግረኛም አይሆንም። አሥር ቦታ የተቆረጠ ገመድ ጥጃ አያስርም።

በውጭ አገር ይህን ነገር ቀደም ብለው አስበውበታል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣችው ሕግ፤ ባቡር የቀረበት መስመር ሳይበጣጠስ ለእግረኛና ለብስክሌት መንገድ እንዲያገለግል፤ ወደፊት ባቡር ካስፈለገም ለባቡር እንዲመለስ ተፈቀደ። በኒውዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1980 የመጨረሻው ባቡር ያለፈበት ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራ ሐዲድ ነበር። ይፍረስ የሚሉ ነበሩ። በ1999 ሁለት የሰፈሩ ነዋሪዎች ማኅበር አቋቁመው ተከራከሩ። በ2009 የመጀመሪያው ክፍል የሕዝብ መናፈሻ ሆኖ ተከፈተ። ልብ በሉ፤ ነገሩን የጀመረው እንደኛ ያለ የሰፈር ማኅበር ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። የኛ መሬት ሐዲድ አላለፈበትም፤ ጠባዩ ግን ያው ነው። ረጅም ነው፤ ጠባብ ነው፤ ክፍት ነው። ክረምት ከላይ የሚወርደው ጎርፍ የሚሰርገው በዚያ ነው። በጋ ፀሐይ ሲያቃጥል ከማንጎው ሥር ሽማግሌው ያርፋል፤ ሕፃናቱ ይጫወታሉ። በርታውም፣ አማራውም፣ ኦሮሞውም፣ ሺናሻውም ሳይጠራራ የሚገናኝበት ሌላ ቦታ በሰፈራችን የለንም።

ተቃውሞው ሁለት ዓይነት ነው። «ወጣቱ ሥራ አጥቶ እናንተ ለዛፍ ጥላ ትከራከራላችሁ?» የሚለው ቀላል ጥያቄ አይደለም። መልሳችን ይህ ነው። መሬቱ ቢሸነሸን ለጥቂት ሰው አንድ ጊዜ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ለማንም የለም። ሳይሸነሸን ቢቆይ ግን በዳርና ዳሩ ቡና ለሚያፈሉ፣ ማንጎና ባሚያ ለሚሸጡ፣ ቋሚ ቤት ሳይሠሩ ቦታ መስጠት ይቻላል። ሁለተኛው «ጠባቂ የሌለው መናፈሻ የቆሻሻ መጣያ ይሆናል» የሚለው ነው። እውነት ነው። ስለዚህ ተራ ወጥቶ የማይጸዳ መናፈሻ ከመጠየቅ ዝም ማለት ይሻላል።

በመሬቱ ላይ በቆሎ የዘሩ ጎረቤቶቻችን አሉ። እነሱን በአንድ ሌሊት ንቀሉ ማለት ፍርድ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብት ይሰጣል፤ እዚያው ላይም በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት ለሚፈናቀል ካሣ ይገባዋል ይላል። አንዱን መብት ይዘን ሌላውን መጣል አንችልም። በአንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝብ በሚመለከተው የአካባቢ ጉዳይ ሐሳቡን የመስጠት መብት እንዳለው ተጽፏል። ከወሰን በኋላ ከመጮህ ከወሰን በፊት መናገር ይሻላል የምንለው ለዚህ ነው።

ስለሆነም ለስብሰባው የምናቀርበው ሐሳብ አራት ነው። መሬቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተለክቶ በማዘጋጃ ቤቱ ፕላን ላይ የሕዝብ አረንጓዴ ቦታ ተብሎ እንዲመዘገብ በጽሑፍ እንጠይቅ። የዘሩት ሰብላቸውን እስኪሰበስቡ ይጠበቁ፤ ምትክም ይፈለግላቸው። የነበረው ማንጎ አይቆረጥ፤ ባዶው ላይ ቀርከሃና ጥላ ያለው ዛፍ ይተከል። ጽዳቱ በየቤቱ ተራ ይያዝ፤ ተራው በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

የማይስማማ ካለ ይምጣና ፊት ለፊት ይናገር። ቀርቶ በየደጁ ከሚያማ፤ መጥቶ ቢያሸንፈን ደስ ይለናል።

ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት